ቡቬ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ለምን ተገለበጠ? ስለ 1890ዎቹ የፈረንሳይ የጦር መርከቦች

«ካርቶን መርከብ» የተባለ አባል በመወያያ መድረኩ ላይ እንዲህ ሲል ውይይቱን ከፈተ፦

ለተሳታፊዎች ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ቡቬ የተባለውን የፈረንሳይ የጦር መርከብ በ1 ለ200 ልኬት ከወፍራም ካርቶን እየሠራሁ ነው። እውነተኛው መርከብ ወደ 118 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ስለነበረው የእኔው 59 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አጥንቱን አቁሜ ጎኑን ማልበስ ስጀምር ግን ያላሰብኩት ችግር ገጠመኝ። የመርከቡ ጎን ከውሃው መስመር ተነሥቶ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ወደ ውስጥ እየገባ ይጠባል፤ ሆዱ ሰፍቶ አፉ የጠበበ ጋን በሉት። ካርቶኑን በዚያ ቅርጽ ለማጠፍ ስሞክር ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ይህ መርከብ መጋቢት 18 ቀን 1915፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በቱርክ ዳርዳኔልስ የባሕር ወሽመጥ ፈንጂ መትቶት በሁለት ደቂቃ ገደማ ውስጥ ተገልብጦ ሰመጠ፤ ተሳፍረው ከነበሩት ወደ 700 ከሚጠጉ ሰዎች የተረፉት 75 ብቻ ናቸው። ለዚህ ያበቃው ይህ የጋን ቅርጽ ነው ወይ? ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ ቡቬ ከሌሎች አራት መርከቦች ጋር በአንድ ዓይነት መስፈርት ታዝዞ ሳለ አምስቱ በፎቶግራፍ ሲታዩ ከአንድ አገር የወጡ እንኳ የማይመስሉት ለምንድን ነው? ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብንጽፋቸው ለመነጋገር ይመቸናል።

ዘመነ እንፋሎት መለሰ፦

ወንድሜ ካርቶን መርከብ፣ ከሁለተኛው ጥያቄህ ልጀምር፤ የመጀመሪያውን የባሕር ሙያ ያላቸው ቢመልሱት ይሻላል።

አምስቱ መርከቦች ሻርል ማርቴል፣ ካርኖ፣ ዦሬጊቤሪ፣ ማሴናና ቡቬ ናቸው። መስፈርቱ በእርግጥ አንድ ነበር፤ ከፊትና ከኋላ አንዳንድ 305 ሚሊ ሜትር መድፍ፣ በግራና በቀኝ ደግሞ አንዳንድ 274 ሚሊ ሜትር መድፍ፣ ጎኑን ከጥይት የሚጠብቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘልቅ ወፍራም የብረት ቀበቶ፣ ወደ 17 ኖት (በሰዓት 31 ኪሎ ሜትር ገደማ) የሚደርስ ፍጥነት። ከላይ ሆኖ ለሚያይ መድፎቹ እንደ አልማዝ ቅርጽ አራት ማዕዘን ሠርተው ይታያሉ። ሐሳቡም ጠላት በየትኛውም አቅጣጫ ቢመጣ ከአራቱ ሦስቱ እንዲያነጣጥሩበት ነው። እስከዚህ ድረስ የሚነቀፍ ነገር የለውም።

ነገሩ የተበላሸው ንድፉ ለአንድ ሰው ባለመሰጠቱ ነው። የቡቬና የሻርል ማርቴል ነዳፊ ሻርል ዩወን ነው፤ ዦሬጊቤሪን የነደፈው አማብል ላጋን፣ ማሴናን ሉዊ ደ ቡሲ፣ ካርኖን ደግሞ ሳግሊዮ ናቸው። ሥራውም በአንድ ስፍራ አልተሠራም፤ ብሬስት፣ ቱሎን፣ ሎሪያን፣ ላ ሴን እና ሴን ናዜር እያንዳንዳቸው አንዳንድ መርከብ ደረሳቸው። ውጤቱን ራሳቸው ፈረንሳውያኑ «የናሙናዎች መርከብ ጦር» እያሉ ይሳለቁበት ነበር፤ ነጋዴ የጨርቅ ቁራጮችን ደርድሮ «የቱን ላምጣልዎ?» እንደሚለው ዓይነት ማለት ነው። ማሴና ከታቀደለት በላይ ስለከበደ የብረት ቀበቶው ያለ ቦታው ውሃ ውስጥ ጠለቀ። ዦሬጊቤሪ በ1896 በሙከራ ጉዞ ላይ ሳለ የቦይለሩ ቧንቧ ፈንድቶ ሰዎች ሞተውበታል። ከአምስቱ የተሻለ ወጥቷል የሚባለው የመጨረሻው፣ ያንተው ቡቬ ነው፤ አወዳደቁን ስናስብ ግን ይህ ያሳዝናል።

ማነጻጸሪያ ይሆነን ዘንድ፣ እንግሊዞች በዚያው ዘመን ማጀስቲክ በተባለው አንድ ንድፍ ዘጠኝ መርከቦችን ሠርተዋል። ማጀስቲክ ራሱ በየካቲት 1894 ተጀምሮ በታኅሣሥ 1895 አገልግሎት ሲገባ፣ ቡቬ በጥር 1893 ተጀምሮ ያለቀው በ1898 ነው።

የዚህ ሁሉ ሥር ፖለቲካው ውስጥ ነው። አድሚራል ቴዎፊል ኦብ በ1886 የባሕር ኃይል ሚኒስትር ሲሆን «ወጣቱ ትምህርት ቤት» የሚባለውን አስተሳሰብ ይዞ ገባ፤ ትልቅ የጦር መርከብ ገንዘብ መጨረስ ነው፣ ትናንሽ የቶርፒዶ (በውሃ ውስጥ ሄዶ የሚፈነዳ ተወንጫፊ) ጀልባዎችና የጠላትን ንግድ የሚያድኑ ፈጣን መርከቦች ይበቃሉ የሚል ነበር። እርሱ በሚቀጥለው ዓመት ቢወርድም ክርክሩ አልወረደም። አንዱ ሚኒስትር የጀመረውን ሌላው ሲያቆመው፣ ሦስተኛው መጥቶ ንድፉን ሲያስለውጥ፣ መርከቦቹ በመሥሪያው ላይ አረጁ።

ባሕረኛው መለሰ፦

በንግድ መርከብ ላይ ለአሥራ አንድ ዓመታት በሞተር ክፍል መሐንዲስነት ስላገለገልኩ ስለ ቅርጹ የማውቀውን ልበል።

መርከብ ሲያጋድል የሚያቃናው በተጋደለበት በኩል አዲስ ወደ ውሃው የሚገባው አካል ነው። ጎኑ ቀጥ ያለ መርከብ ወደ ቀኝ ሲያጋድል በቀኝ በኩል ሰፊ አካል ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ውሃውም ያንን አካል ወደ ላይ ይገፋዋል። ጎኑ እንደ ጋን ወደ ውስጥ የገባ መርከብ ግን ሲያጋድል ወደ ውሃው የሚያስገባው ጠባቡን ክፍል ነው፤ ስለዚህ የሚያቃናው ኃይል በሚፈለግበት ሰዓት ያንስበታል። በትንሽ ማጋደል ልዩነቱ እምብዛም አይሰማም። ማጋደሉ ከአንድ ልክ ካለፈ በኋላ ግን መመለሻ የለውም።

ይህ ማለት ነዳፊዎቹ ሞኞች ነበሩ ማለት አይደለም። ጎኑ ወደ ውስጥ ሲገባ ከላይ ያለው ብረት ይቀንሳል፣ ክብደቱም ወደ ታች ይወርዳል፤ በጎን የተሰቀሉት የ274 ሚሊ ሜትር መድፎችም በጠበበው ግድግዳ ሳይጋረዱ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ቀጥታ መተኮስ ይችላሉ። ችግሩ ያተረፉትን ክብደት መልሰው ማማ፣ አዛዦቹ የሚቆሙበት ድልድይና ወፍራም ምሰሶ እየቆለሉበት መጨረሳቸው ነው። ከእነዚህ ቀደም ብሎ የተሠራው ኦሽ ከላዩ ላይ ከተቆለለበት ብዛት የተነሣ «ታላቁ ሆቴል» ተብሎ ነበር። ብሬኑስም ቢሆን በሙከራው ጊዜ ሚዛን የሚጎድለው ሆኖ ስለተገኘ ከላይ ያለውን ግንባታ አፍርሰው ቀንሰውለታል።

ስለዚህ ለጥያቄህ የእኔ መልስ፦ አዎን፣ ቡቬን የገደለው ቅርጹ ነው።

ተጠራጣሪው መለሰ፦

ባሕረኛው ያሉትን የፊዚክስ ነገር አልክድም፤ «አዎን» ያሏት ግን ቸኮለችብኝ።

ቡቬ ከሰመጠ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በዚያው በዳርዳኔልስ አፍ ጎላያዝ የተባለው የእንግሊዝ መርከብ ግንቦት 13 ቀን ከሌሊቱ በቱርክ ቶርፒዶዎች ተመትቶ ወዲያውኑ ተገለበጠ፤ 570 ሰዎች ሞቱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማጀስቲክ ራሱ፣ ከላይ የተመሰገነው፣ ከጀርመን ሰርጓጅ በተተኮሰ ቶርፒዶ ተመትቶ በዘጠኝ ደቂቃ ያህል ውስጥ ተገለበጠ። ሁለቱም ጎናቸው የጋን ቅርጽ የለውም።

በሌላ በኩል ያው ላጋን ለሩሲያ የነደፈው ጼሳሬቪች አለ። ላ ሴን ላይ የተሠራና ጎኑ በደንብ ወደ ውስጥ የገባ ሲሆን፣ በየካቲት 1904 በፖርት አርተር የጃፓን ቶርፒዶ መትቶት 18 ዲግሪ ያህል አጋድሎ ነበር። አልተገለበጠም። በሌላው ጎን ውሃ አስገብተው አቃኑት፤ ተጠግኖም በዚያው ዓመት ነሐሴ በቢጫው ባሕር ጦርነት ላይ የአድሚራል ቪትጌፍት ዋና መርከብ ሆኖ ተዋጋ። ቅርጹ ብቻውን ገዳይ ከሆነ ይህ መርከብ እንዴት ተረፈ?

ባሕረኛው መለሰ፦

ጥሩ አድርገው ይዘውኛል። «ቅርጹ ነው» ማለቴን ትቼ «ቅርጹ ፍርዱን አፋጠነው» ብል ይሻላል።

መርከብን የሚገለብጠው በአንድ ጎን የተከማቸ ውሃ ነው። በዚያ ዘመን በእንግሊዝም ሆነ በሌሎች መርከቦች ውስጥ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ ውሃ የማያሳልፉ ግድግዳዎች ነበሩ። እነዚህ ግድግዳዎች ውሃው ወደ ሌላው ጎን እንዳይሻገር ስለሚያግዱት ሁሉም በተመታው በኩል ይከማቻል። ማጋደል ሲመጣ በጎን ያሉት የመድፍ መስኮቶችና የአየር ማስገቢያዎች ውሃው ላይ ይደርሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ቆሞ መቁጠር ብቻ ነው። ጎላያዝን ያገኘው ይኸው ነው። በጼሳሬቪች ግን ከጎኑ ትንሽ ገባ ብሎ ከውሃው በታች የተዘረጋ ወፍራም የብረት ግድግዳ ስለነበር ፍንዳታው ወደ ውስጥ ጠልቆ አልገባም፤ የሚያቃኑትም ሰዎች ጊዜ አገኙ። ቡቬ ይህ አልነበረውም። ጊዜም አላገኘ።

የቀበቶውንም ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልወድም። የፈረንሳዮቹ ቀበቶ እንደ መርከቡ እስከ 450 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፣ ነገር ግን ጠባብ ነበር፤ መርከቡ ሲጫን ከውሃው በላይ የሚቀረው ትንሽ ነው። ኤሚል ቤርተን የተባለው መሐንዲስ፣ ቀደም ሲል ወደ ጃፓን ሄዶ የዚያን አገር መርከቦች የነደፈው ሰው፣ ይህን ደጋግሞ ተቃውሟል። ክርክሩ፣ ከቀበቶው በላይ ያለው ስስ ጎን በፈጣን ተኳሽ መድፎች ከተበሳሳ ውሃ ይገባና ቀበቶው ሳይነካ መርከቡ ይገለበጣል የሚል ነው። ወፍራም በር ተሠርቶለት ግድግዳው በጭቃ ብቻ እንደ ተመረገ ቤት አድርጋችሁ አስቡት።

ለካርቶን መርከብ ደግሞ አንድ ሐሳብ ላቅርብ፦ ገላውን በሰም ቀብተህ በገንዳ ውስጥ ሞክረው። ከእርሱ ሌላ ጎኑ ቀጥ ያለ ቀላል ገላ ሥራና ሁለቱን አነጻጽር።

መምህርት ሰ. መለሰች፦

ስለ ባሩድ ማንም አላነሣም። ቡቬ ሲሰምጥ ከሩቅ ያዩት ሰዎች ጥቁር ጭስ ስላዩ በመጀመሪያ የመሰላቸው የመድፍ ጥይት ባሩድ ማከማቻው ውስጥ ገብቶ ፈነዳ የሚል ነበር። ኑስረት የተባለችው ትንሽ የቱርክ መርከብ ከአሥር ቀን በፊት ከባሕሩ ዳርቻ ጋር ትይዩ አድርጋ 26 ፈንጂዎችን በኤረንኮይ ወሽመጥ መዘርጋቷ የታወቀው ቆይቶ ነው። የተባበሩት የእንግሊዝና የፈረንሳይ መርከቦች ተኩሰው ሲመለሱ የሚታጠፉት በዚያ በኩል መሆኑን ቱርኮቹ አስተውለው ነበር፤ ቡቬም የተመታው በዚያው በመታጠፊያው ላይ ነው።

ሆኖም ሰዎቹ ባሩዱን መጠርጠራቸው አይገርምም። ጭስ የማያወጣውን ባሩድ በ1884 የፈለሰፈው ፖል ቪየይ ፈረንሳዊ ነበር። አባቶቻችን «ውጅግራ» የሚሉት የግራ ጠመንጃ የሚተኩሰው በጥቁር ባሩድ ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው «ለበን» ግን በዓለም ጭስ አልባ ባሩድ የተጠቀመ የመጀመሪያው የጦር ሠራዊት ጠመንጃ ነው። ያው የባሩድ ዓይነት በመርከብ መድፍ ሲገባ ግን አደጋው ጎልቶ ታየ። የተሠራው ከናይትሮሴሉሎስ ስለሆነ ሲያረጅና ሙቀት ሲያገኘው በራሱ ይበሰብሳል፣ ሲበሰብስ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይበልጥ ይበሰብሳል። በክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው እርጥብ ድርቆሽ ተከምሮ ከውስጥ እንደሚግመው ነው ብዬ ነው።

መጋቢት 12 ቀን 1907 ቱሎን ውስጥ ኢዬና የተባለው የጦር መርከብ በደረቅ መጠገኛ ገብቶ ሳለ ባሩዱ ፈነዳ፤ ወደ 120 የሚሆኑ ሰዎች ሞቱ። መርከቡ ባሕር ላይ ቢሆን ኖሮ ማከማቻውን በውሃ ማጥለቅ ይቻል ነበር፣ እርሱ ግን በደረቅ ቆሞ ነበር። በአቅራቢያው የነበረው ፓትሪ የመጠገኛውን በር ሰብሮ ውሃ ለማስገባት መድፍ ተኮሰ፤ ጥይቱ ነጥሮ ሄደ። በመጨረሻ የውሃ መዝጊያዎቹን የከፈተው ሩ የተባለ ወጣት መኮንን ነው፤ እርሱም በፍንጣሪ ተመትቶ ሞተ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ መስከረም 25 ቀን 1911፣ በዚያው ወደብ ሊበርቴ ፈንድቶ 300 ገደማ ሰዎች አለቁ።

የጎሬ ልጅ ጻፈ፦

ዘመነ እንፋሎት ያነሡት የፖለቲካ ነገር ከእኛው አገር ጋር የሚነካካበት ቦታ አለ። በ1898 ፈረንሳዊው ሻለቃ ማርሻን በነጭ ዓባይ ዳር ባለችው ፋሾዳ ላይ ከእንግሊዞች ጋር ተፋጥጦ ሳለ፣ ፓሪስ ለጦርነት ያልደፈረችበት አንዱ ዋና ምክንያት የመርከብ ኃይሏ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ የደጃዝማች ተሰማ ናደው ጦር ከጥቂት የፈረንሳይ ተልእኮ አባላትና ከአንድ ሩሲያዊ መኮንን ጋር ነጭ ዓባይ ድረስ ደርሶ ነበር፤ ማርሻን ግን ገና ስላልደረሰ ሳይገናኙ ቀሩ። ማርሻን ፋሾዳን ከለቀቀ በኋላ የወጣው በእኛ በኩል፣ በጎሬና በአዲስ አበባ አድርጎ ጅቡቲ ነው። አያቴ «ነጮቹ ባንዲራቸውን ጠቅልለው አለፉ» የሚል ወሬ ከአባታቸው ሰምተው ያወሩን ነበር።

ዘመነ እንፋሎት መለሰ፦

የጎሬ ልጅ፣ ትክክል ነዎት። ቡቬ አዲስ የነበረው በዚያው በ1898 ነው፤ ነገር ግን አምስት የተለያዩ መርከቦችን በአንድ ሰልፍ ማዋጋት ራስ ምታት ነው። የሚዞሩበት ክብ አይመሳሰልም፣ መለዋወጫው አይገጥምም።

ከዚያ ወዲህ ግን አልተማሩም ማለት ሐሰት ይሆናል። ከ1894 ጀምረው የሠሯቸው ሻርልማኝ፣ ሴን ሉዊና ጎልዋ ሦስቱም በአንድ ንድፍ ነው፤ አልማዙን ትተው አራቱን 305 ሚሊ ሜትር መድፎች በሁለት ማማ ከፊትና ከኋላ አደረጓቸው። ጎልዋ መጋቢት 18 ቀን እዚያው ከቡቬ ጋር ተሰልፎ በመድፍ ተበስቶ ነበር፤ በጥንቸል ደሴቶች አጠገብ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ አሳርፈው አዳኑት። በታኅሣሥ 1916 ሰርጓጅ ሲያሰምጠው እንኳ ከሃያ ደቂቃ በላይ ስለቆየ የሞቱት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው። ከአንድ ወር በፊት ሱፍረን በሊዝበን አቅራቢያ በቶርፒዶ ሲመታ ግን ጥይት ማከማቻው ፈንድቶ ወደ 650 ከሚጠጉት አንድም ሰው አልተረፈም። ሃያ ደቂቃ ማግኘትና አለማግኘት ይህን ያህል ነው።

ካርቶን መርከብ መለሰ፦

ምክራችሁን ተቀብዬ ሁለት ገላ ሠራሁ፦ አንዱ ጋን፣ አንዱ ቀጥ ያለ። ሁለቱንም በሻማ ሰም ቀብቼ፣ ከታች እኩል እርሳስ አስቀምጬ፣ በልብስ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ አኖርኳቸው። በቀኝ ጎናቸው እኩል ቀዳዳ በስቼ ለቀቅኳቸው። አልተገለበጡም! ሁለቱም ትንሽ አጋደሉና ቀስ ብለው ቀጥ እንዳሉ ሰመጡ። ታዲያ ክርክራችን ሁሉ ከንቱ ነበር?

ባሕረኛው መለሰ፦

አይደለም፣ ወንድሜ። እርሳሱን የት አደረግኸው? ከታች ካስቀመጥኸው መርከቡ እንደ ታች ከባድ ጠርሙስ ስለሚሆን በምንም ቢሆን አይገለበጥም። ከእርሳሱ ሲሶውን አንሥተህ መድፎቹ፣ ማማዎቹና ምሰሶዎቹ በሚቀመጡበት ከፍታ ላይ አጣብቀው። ከዚያም በውስጡ ከፊት እስከ ኋላ መሐል ለመሐል አንድ ግድግዳ ዘርጋ፣ ውሃው እንዳይሻገር። የአሻንጉሊት ሙከራ የእውነተኛውን መርከብ ደቂቃ እንደማይነግረን ግን አትርሳ፤ ማወዳደር የምንችለው ሁለቱን እርስ በርሳቸው ነው።

ተጠራጣሪው መለሰ፦

ቀዳዳውም በ274ቱ መድፍ ሥር ይሁን፤ ፈንጂው ቡቬን ያገኘው በቀኝ በኩል በዚያ አቅጣጫ ነው።

ካርቶን መርከብ መለሰ፦

እንዳላችሁት አድርጌ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሞከርኩ። ልጄ በስልክ ቀረጸችው፣ እኔ ቆጠርኩ። ቀጥ ያለው ገላ ቀስ እያለ አጋደለ፤ በአሥራ ዘጠነኛው ሰከንድ የላይኛው ጠርዙ ውሃውን ነካ፤ በሃያ ስድስተኛው ተገለበጠ። ጋኑ እስከ አሥራ አንደኛው ሰከንድ ድረስ ከቀጥተኛው እምብዛም አልተለየም፤ እንዲያውም የተሻለ የቆመ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ምንም ሳይዘገይ፣ አንድ ሰው በእጁ እንዳዞረው፣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተኛ። አሥራ አራተኛውን ሰከንድ አልቆጠርኩም። ሁለት ጊዜ ደግሜ ሞከርኩት፣ በሁለቱም ጊዜ ያው ነው።

ልጄ ቀረጻውን እያየች «መቼ ነው መዝለል የነበረባቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀረጻውን አቁመን ወደ ኋላ መለስነው፤ በአሥረኛው ሰከንድ ላይ የመርከቡ ወለል ገና ሰው ሊቆምበት የሚችል ነበር።